አረንጓዴ መሠረተ ልማት ሲመጣ ነባሩ ነዋሪ ለምን ይለቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ያዘጋጀነው በሰፈራቸው መናፈሻ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ወይም የጎርፍ መከላከያ ሊሠራ ነው ለተባሉ ነዋሪዎች፣ ለተከራይ ማኅበራት እና ሥራውን ለሚያቅዱ ባለሙያዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ ከተሞች የመጡ ናቸው፤ ጉዳዩ በሰፊው የተጠናው እዚያ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

አረንጓዴ መሠረተ ልማት የሚባለው ምንድን ነው?

የዝናብ ውኃን፣ ሙቀትንና አየርን በአፈርና በዕፅዋት የሚያስተካክል ሥራ ሁሉ ነው። የመንገድ ዳር ዛፍ፣ ጎርፍ የሚያሰርግ የአትክልት መደብ፣ ውኃ የሚያሳልፍ ንጣፍ፣ ዕፅዋት የለበሰ ጣሪያ፣ የጸዳ የወንዝ ዳርቻ፣ ሥራ ባቆመ የባቡር ሐዲድ ላይ የተዘረጋ መናፈሻ በዚህ ስም ይጠራሉ።

ጥቅሙ አያጠራጥርም። በ2020 በ108 የአሜሪካ ከተሞች ላይ የወጣ ጥናት በ1930ዎቹ «ብድር አይገባቸውም» ተብለው በቀይ የተከለሉ ሰፈሮች ካልተከለሉት በአማካይ 2.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚሞቁ አሳይቷል። ዛፍ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ነው። ነገር ግን ዛፉ ሲተከል የመሬቱም ዋጋ ይነሣል፤ ሰፈሩን ለዓመታት በሙቀትና በጎርፍ ችለው የኖሩት ሰዎች ጥላው ሳይደርስላቸው ይለቃሉ። «አረንጓዴ መፈናቀል» የምንለው ይህን ነው።

ለምን በተለይ አናሳ ማኅበረሰቦች ላይ ይበረታል?

ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ ላይ ስለሚገናኙ ነው። የመጀመሪያው የመሬቱ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራሉ የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ እየሣለ ሰፈሮችን ከሀ እስከ መ ደረጃ ሰጣቸው። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የመጨረሻውን ደረጃ አግኝተው ቀይ ተቀቡ። ብድር የራቀው ሰፈር ቤቱ አልታደሰም፤ ፋብሪካው፣ የጭነት ባቡሩ፣ በኋላም አውራ ጎዳናው የመጣው ወደዚያው ነው። ዛሬ ከተማው ለመናፈሻ የሚሆን ባዶ ሐዲድ፣ የተበከለ ወንዝ ወይም የተዘጋ ፋብሪካ ሲፈልግ የሚያገኘው እዚሁ ነው። መሬቱ ርካሽ ስለሆነ፣ አሁን ባለው ዋጋና ከመናፈሻው በኋላ ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ገዢዎችን የሚስበው ያ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው የነዋሪው አቅም ነው። ተከራዩ ይበዛል፤ ውሉ አጭር ነው፤ ባለቤት የሆነውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያለው ሀብት ቤቱ ብቻ ነው። ድንገት ወጪ ሲጨምር የሚያወጣው ቁጠባ የለውም።

ይህ አዲስ ነገር ነው?

አይደለም። ኒውዮርክ የሚገኘው ሴንትራል ፓርክ ከመሠራቱ በፊት በምዕራባዊ ጎኑ ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበር። በ1825 ጥቁሮች መሬት ገዝተው መሠረቱት፤ በ1855 ወደ 225 ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች፣ የቀሩት በአብዛኛው አየርላንዳውያን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኖችና ትምህርት ቤት ነበሩት። ከተማው መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም በሚል ሕግ ወስዶ በ1857 መንደሩን አፈረሰው። ለባለመሬቶቹ ካሳ ቢከፈልም የጠፋው ቤት ብቻ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት እንዲኖረው ይገደድ ነበር። መሬቱን ያጣ ድምፁንም አጣ።

ዛሬ መንደርን በአዋጅ ማፍረስ ያን ያህል አይዘወተርም። የሚያስለቅቀው ደብዳቤ ከከንቲባው ሳይሆን ከአከራዩ ወይም ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይመጣል።

የትኛው ዓይነት ሥራ ነው ይበልጥ የሚያፈናቅለው?

ብዙ ሰዎች ትልቅ መናፈሻ ያፈናቅላል፣ ትንሽ አያፈናቅልም ብለው ያስባሉ። በ10 የአሜሪካ ከተሞች ላይ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናት ግን ስፋቱ እምብዛም ወሳኝ እንዳልሆነ አግኝቷል። ወሳኞቹ ለመሐል ከተማ መቅረቡና አገልግሎቱ ናቸው፤ ሰዎች በእግርና በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሱበት ረጅም አረንጓዴ መስመር ከሌሎቹ በላይ ዋጋ ያንራል። ስለዚህ «ትንሽ ነው የምንሠራው» የሚል ማረጋገጫ ብቻውን ማንንም አይጠብቅም።

የቺካጎው 606 መስመር ጥሩ ማሳያ ነው። በተተወ የባቡር ሐዲድ ላይ የተዘረጋ፣ 4.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሰኔ 2015 የተከፈተ መናፈሻ ነው። ምሥራቁ ጫፍ ቀድሞውንም ሀብታሞች ይኖሩበት ነበር፤ በምዕራቡ በኩል ያሉት ሃምቦልት ፓርክና ሎጋን ስኩዌር የፖርቶሪኮና የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈሮች ናቸው። በዲፖል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የ2016 ጥናት እንዳሳየው፣ በ2013 ግንባታው ከተጀመረ ወዲህ በምዕራቡ የቤት ዋጋ 48.2 በመቶ ሲያድግ በምሥራቁ 13.8 በመቶ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ከምረቃው ሳይሆን ከግንባታው ነው። ገበያው ሪባን እስኪቆረጥ አይጠብቅም።

ማንም «ውጡ» አላለንም። ታዲያ ይህ መፈናቀል ይባላል?

ይባላል። በሰፈሩ የምታዩት ምልክት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። አከራዩ የአንድ ዓመት ውል ማደስ አቁሞ ወር በወር እናድርገው ይላል። የሚያፈስ ጣሪያና የተበላሸ ማሞቂያ ሲነገረው ዝም ይላል፤ ተከራዩ በራሱ ሲለቅ ይቀለዋልና። በር ሥር «ቤትዎን በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚል ካርድ በየሳምንቱ ይገኛል። በድጎማ የተሠራ ሕንፃ ካለ ደግሞ የድጎማው ግዴታ የሚያበቃበት ቀን ይቀርባል፤ ከ1990 ወዲህ በፌዴራል የግብር ቅናሽ የተሠሩ የኪራይ ቤቶች ግዴታቸው በአብዛኛው 30 ዓመት ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ጊዜያቸው አልቋል።

ለዓይን የማይታይ መፈናቀልም አለ። የነዋሪው ልጅ አድጎ ትዳር ሲይዝ በዚያው ሰፈር ቤት መከራየት ካልቻለ ማንም ሳይባረር ማኅበረሰቡ ይመናመናል። እንዲህ ያለው በቆጠራ ስለማይያዝ ባለሥልጣናት «ማንም አልተፈናቀለም» ሲሉ ከልባቸው ሊሆን ይችላል።

የተንቀሳቃሽ ቤት ነዋሪዎችን ለብቻ ማንሣት ይገባል። ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን የሌላ ሰው። በሳን አንቶኒዮ የወንዙ ዳርቻ ታድሶ ከተዋበ በኋላ፣ በ2014 ከተማው በአቅራቢያው የሚገኝ የተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደር የመሬት አጠቃቀሙ እንዲቀየር ፈቀደና ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ለቀቁ።

የቤት ባለቤቶች ግን ያተርፋሉ፤ አይደለም እንዴ?

የሚሸጥ ሰው ያተርፋል። መኖር የሚፈልግ ሰው ግን ትርፉን የሚያየው በግብር ማስታወቂያው ላይ ነው። በ120,000 ዶላር የተገመተ ቤት የግብር መጣኔው 1.2 በመቶ ቢሆን በዓመት 1,440፣ በወር 120 ዶላር ይከፈልበታል። ግምቱ ወደ 300,000 ሲወጣ ዓመታዊው 3,600፣ ወርኃዊው 300 ዶላር ይሆናል። ጡረተኛዋ ቤቷ ላይ አንድ ምስማር አልጨመረችም፤ ገቢዋም አላደገም። ሁለት ሦስት ዓመት ስትቆይ ውዝፉ ይከማችና ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል።

ለዚህ መድኃኒቱ ይታወቃል። ፊላዴልፊያ በ2014 የጀመረችው መርሐ ግብር በአንድ ቤት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ፣ ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ ያልበለጠ ባለቤት የቤቱ ግምት በድንገት ሲያሻቅብ ጭማሪው እንዲገደብለት ያደርጋል። የአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መብቶች ችግር በማመልከቻ ብቻ መገኘታቸው ነው። በቋንቋው ተጽፎ ቤቱ ድረስ ያልመጣለት ሰው አያመለክትም። መረጃውን ለማድረስ ከድረ ገጽ ይልቅ በር ማንኳኳት ይሻላል።

ስሙ ያልዞረ የውርስ ቤት አደጋው ምንድን ነው?

ይህ ከሁሉ በላይ ችላ የሚባል ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እናየዋለን። አያት ያለ ኑዛዜ ይሞታሉ፤ ልጆችና የልጅ ልጆች የስም ዝውውር ሳያደርጉ ይኖሩበታል። በተለይ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ባሉ ጥቁሮች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። በሕግ ዓይን ቤቱ የወራሾቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ ሩቅ አገር የሚኖረውም ድርሻ አለው። ነጋዴው ያንን ሩቅ የሚኖር ወራሽ ፈልጎ ድርሻውን በጥቂት ገንዘብ ይገዛል። በዚያው ቀን የጋራ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዶ ንብረቱ ይከፋፈል ይላል፤ ቤት ለሁለት አይሰነጠቅምና ዳኛው እንዲሸጥ ያዛል፤ በሐራጅ የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው።

በ2010 የወጣው ወጥ የሞዴል ሕግ ይህን ለመግታት የተዘጋጀ ሲሆን ብዙ ግዛቶች ተቀብለውታል። በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ንብረቱን ያስገምታል፤ ሌሎቹ ወራሾች ይሸጥልኝ ያለውን ሰው ድርሻ በተገመተው ዋጋ የመግዛት ቀዳሚነት አላቸው፤ መሸጡ ግድ ከሆነም በሐራጅ ሳይሆን በገበያ ይሸጣል። በተጨማሪ፣ ስሙ ያልዞረ ቤት ለግብር ቅናሽም ለቤት ጥገና እርዳታም ብዙ ጊዜ ብቁ አይሆንም። ስለዚህ የመናፈሻ በጀት ውስጥ ለጠበቃና ለስም ማዞሪያ የሚሆን ገንዘብ መያዝ የቅንጦት ወጪ አይደለም።

«በተመጣጣኝ ዋጋ ቤት ይሠራል» ተብለናል። በቂ ነው?

ለማን ተመጣጣኝ እንደሆነ ጠይቁ። መለኪያው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ የሚባለው ነው፤ «አካባቢው» ግን ሰፈሩ ሳይሆን ዙሪያ ከተሞቹን ጨምሮ ክልሉ በሙሉ ነው። መካከለኛ ገቢው በዓመት 90,000 ዶላር ከሆነ፣ 80 በመቶው 72,000 ነው። ከዚያ ላይ 30 በመቶው ለኪራይ ይታሰባል፤ በወር 1,800 ዶላር። የሰፈሩ ቤተሰብ ገቢ 35,000 ከሆነ ግን በዚሁ ሥሌት መክፈል የሚችለው 875 ዶላር ነው። ቤቱ «ተመጣጣኝ» ተብሎ ተመርቆ ከጎረቤት አንድ ሰው እንኳ ላይገባበት ይችላል።

ሌሎቹ ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው፤ መልሱ ግን በጽሑፍ ይሁን። ስንት መኝታ ክፍል? ለስንት ዓመት? ስንቱ አዲስ ነው፣ ስንቱ ቀድሞ የነበረ ቤት ተቆጥሮ ነው? ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?

የጋራ የመሬት አደራ እንዴት ይሠራል?

ትርፍ የማይሻ ማኅበር መሬቱን ይይዛል፤ ቤቱን ብቻ ለነዋሪው ይሸጣል። መሬቱን ለ99 ዓመት በሚታደስና በሚወረስ ሊዝ ይሰጠዋል። ነዋሪው ሲሸጥ በውሉ ላይ በተጻፈው ቀመር ይሸጣል። ቤቱን በ100,000 የገዛ ሰው ግምቱ 160,000 ቢደርስና ቀመሩ ከጭማሪው 25 በመቶ ይድረሰው ቢል፣ 15,000 ይጨመርለትና በ115,000 ይሸጣል፤ ቀጣዩም ገዢ አቅሙ የሚፈቅድ ይሆናል። በተለመደው አሠራር የቦርዱ ሲሶ የቤቶቹ ነዋሪዎች፣ ሲሶ የሰፈሩ ሰዎች፣ ሲሶ ባለሙያዎችና የመንግሥት ተወካዮች ናቸው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን በ1969 በጆርጂያ የጥቁሮች መብት ታጋዮች ለገበሬዎች መሠረቱት።

የሚሰናከለው በጊዜ ነው። ማኅበሩ መሬት የሚገዛው እንደ ማንም በገበያ ዋጋ ስለሆነ ዋጋው ከናረ በኋላ ሲቋቋም በአሥር ቤት ገንዘብ ሁለት ቤት ይገዛል። ሌላው ወጥመድ ግብር ነው፤ የመሬቱ ባለቤት ማኅበሩ ሆኖ ሳለ ገማቹ ቤቱን በሙሉ የገበያ ዋጋ ካሰላው ቁጠባው ይጠፋል። ከግብር ቢሮው ጋር ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ቅደም ተከተሉ እንዴት መሆን አለበት?

የዚህ ገጽ ዋና ነጥብ ይህ ነው። የቤት ጥበቃው ከአካፋው ይቅደም።

1. ፕሮጀክቱ ይፋ ሳይሆን በፊት ከመስመሩ ግራና ቀኝ 800 ሜትር ያህል ውስጥ ተከራዮችን፣ የውል ማብቂያ ቀኖችን፣ የግብር ውዝፍን፣ ስማቸው ያልዞረ ቤቶችንና የድጎማ ማብቂያ ዓመቶችን መመዝገብ። ዝርዝሩ በቤት ቁጥር ከወጣ ለነጋዴ የአደን ካርታ ይሆናል፤ የሚታተመው ድምሩ ብቻ ነው።

2. የከተማውን ባዶ መሬትና ለሐራጅ የቀረቡ ቤቶችን ለመሬት አደራ ማስተላለፍ። የመሬት አጠቃቀም ደንቡ ከተቀየረ በኋላ ያው መሬት በዚያ ዋጋ አይገኝም።

3. የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ፣ ያለ በቂ ምክንያት አለማስወጣት፣ በፍርድ ቤት ነጻ ጠበቃ፣ ሕንፃ ሲሸጥ ለተከራዮች የመግዛት ቅድሚያ። ዋሽንግተን ዲሲ የመጨረሻውን መብት በ1980 በሕግ አጽድቃለች።

4. የግብር ጭማሪ ገደብ፣ ከግምገማው ዓመት በፊት።

5. የግንባታውን ገንዘብ በምዕራፍ ማሰር። የተባለው የቤት ቁጥር ሳይሟላ የቀጣዩ ምዕራፍ ክፍያ አይለቀቅም። ይህ አንቀጽ የሌለው ቃል ኪዳን ምኞት ነው።

በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ የታቀደው የዋሽንግተኑ የ11ኛ ጎዳና ድልድይ መናፈሻ ይህን መንገድ ሞክሯል፤ ግንባታ ሳይጀመር በ2015 የፍትሐዊ ልማት ዕቅዱን አወጣ፤ የቤት ገዢዎች ሥልጠናና የዳግላስ የመሬት አደራ ከዚያ ሥራ ተወለዱ። አትላንታ ደግሞ ከተማዋን 35 ኪሎ ሜትር ለሚዞረው ቤልትላይን የተባለ አረንጓዴ መስመር እስከ 2030 ድረስ 5,600 ተመጣጣኝ ቤቶች እንዲሠሩ ግብ አስቀምጣ ነበር። መንገዱ ግን ቤቶቹን ጥሏቸው ሄደ። ሐሳቡን በ1999 በመመረቂያ ጽሑፉ ያመነጨው ራያን ግራቬል በ2016 የፍትሐዊነት ጉዳይ በቂ ትኩረት አላገኘም ብሎ ከቦርድ አባልነቱ ለቀቀ። በኒውዮርክ በቀድሞ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው የሃይ ላይን መናፈሻ ተባባሪ መሥራች ሮበርት ሃሞንድም በ2017 ለአካባቢው ማኅበረሰብ ያሰቡት እንዳልተሳካ በይፋ ተናግሯል።

ነዋሪዎች ነጻ ዛፍ ለምን እምቢ ይላሉ?

ዲትሮይት ውስጥ ከ2011 እስከ 2014 በቤታቸው ፊት ዛፍ ሊተከልላቸው ከነበሩ 7,425 ሰዎች ሩብ ገደማው አይተከልብን ብለዋል። የዛፍ ጥላቻ አልነበረም። ከተማው የቀድሞዎቹን ዛፎች ሳይንከባከብ ሲቀር ቅጠል ጠራጊና ቅርንጫፍ ቆራጭ ሆነው የቀሩት እነሱ ነበሩ፤ አሁንም ዝርያውን ሌላ ሰው መርጦ መጣ። እንክብካቤው በማን እንደሆነ የሚናገር ውልና የዝርያ ምርጫ ከችግኙ ጋር አብረው ይምጡ።

የዝናብ ውኃ የሚያሰርግ መደብ በራሳችን መሥራት እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ የሥራውን ገንዘብና ዕውቀት ሰፈሩ ውስጥ ያስቀራል። ስፋትና ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውኃ ሙሉት፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉትና በማስመሪያ በየሰዓቱ ለኩ። በሰዓት ከ1.25 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ አፈሩ ውኃ አይጠጣም፤ ሥሩ የተበሳሳ ቧንቧ ይፈልጋል ወይም ቦታ ይቀየር። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2.5 ሜትር ኩብ ውኃ ይመጣል፤ መደቡ 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ የሚይዝ ከሆነ 17 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃዋል። ከቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ የትርፍ ውኃ መውጫ ይኑረው፤ ውኃው በ48 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልሰረገ ትንኝ ይራባበታል።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። በግንባታ ጊዜ ማሽን ይሄድበትና አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ያለ የግንባታ ቦታ ደለል ይለቅበትና ይደፈናል፤ ወይም አረሙን የሚነቅለው ማን እንደሆነ አልተወሰነም። ሦስተኛው ከሁሉም ይበዛል፤ የእንክብካቤ ክፍያ ለነዋሪዎች ይመደብ የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ መናፈሻው ቢቀር አይሻልም?

አይሻልም። ልጆች በሙቀት እየታፈኑ፣ ምድር ቤት በጎርፍ እየተሞላ ይቆይ ማለት ተመጣጣኝነትን በብክለት መግዛት ነው። ወንዙን አጽድቶ ነባሩን የሥራ ቦታና የሰፈሩን መልክ መጠበቅ እንደሚቻል በብሩክሊን ግሪንፖይንት፣ በኒውታውን ክሪክ ዳር የተደረገውን ጥረት ያጠኑ ምሁራን በ2012 አሳይተዋል፤ «የሚበቃውን ያህል አረንጓዴ» የሚለው ሐሳብ ከዚያ ነው የመጣው። እንደኛ አመለካከት ግን ሙሉ መናፈሻም ቢሆን ይገባቸዋል፤ ከቤታቸው ጋር።

ግንባታው ተጀምሯል። አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?

ተከራዮች በመጀመሪያ የውላቸውን ቀን ይዩ፤ ወር በወር የሚለውን ወረቀት ጠበቃ ሳያይ አይፈርሙ፤ ጥገና የጠየቁበትን ቀንና ፎቶ ያስቀምጡ። በአንድ አከራይ ሥር ያሉ ሁሉ በአንድነት ይደራጁ፤ ጭማሪው ብዙ ጊዜ በቤት በቤት የሚላክ ቢሆንም ድርድሩ በሕንፃ ነው። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ድምፅ ገና ካልተሰጠ ትልቁ መደራደሪያ እሱ ነው። ያልተጀመሩ ምዕራፎች ካሉ ከላይ ያለው 5ኛው ነጥብ አሁንም ይጠየቅ።

ዘግይቶም የሚሠራ ነገር አለ። ቺካጎ 606 ከተከፈተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በዙሪያው መኖሪያ ቤት ለሚያፈርስ ሰው 15,000 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ጣለች። አትላንታም የነባር ባለቤቶችን የግብር ጭማሪ የሚከፍል ድጋፍ ጀምራለች።

ባለቤቶች የግምት ማስታወቂያ ሲደርሳቸው የይግባኙን የመጨረሻ ቀን ፖስታው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ውስጥ ይፈልጉ፤ በብዙ ቦታ ጊዜው ከሳምንታት አይበልጥም። ይግባኙ ላይ የሚረዳው ስለ መናፈሻው መጻፍ ሳይሆን በአቅራቢያው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋና የቤቱ ጉድለት ፎቶ ነው፤ የተሰነጠቀ መሠረት፣ አሮጌ ጣሪያ፣ ያልታደሰ ኤሌክትሪክ። ቀኑ ካለፈ የሚቀጥለውን ግምገማ መጠበቅ ግድ ይሆናል።